ከአንዱ እሑድ እስከ ሌላው

እ.ኤ.አ. በ2007 ቺካጎ አጠገብ የምትገኘው የዊሎ ክሪክ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች በገዛ ምእመኖቻቸው ላይ ያካሄዱትን ጥናት በመጽሐፍ አወጡ። ጥናቱን ያስጀመረው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያኒቱ መርሐ ግብሮች ላይ በተሳተፈ ቁጥር እግዚአብሔርንና ሰውን መውደዱ አብሮ ይጨምራል ወይ? የሠላሳ ዓመት ሥራ የቆመው ይጨምራል በሚል እምነት ላይ ነበር። አዳራሹ የተሠራው፣ የመድረኩ ቡድን የተደራጀው፣ በሺህ የሚቆጠር በጎ ፈቃደኛ የተሰማራው ሰው ከመጣና ከተሳተፈ ያድጋል ተብሎ ነው። መልሱ እንደተጠበቀው አልሆነም። በእምነታቸው ገና ጀማሪ ለሆኑ ሰዎች ተሳትፎው ጥቅም ነበረው። ከዚያ አልፈው ለሄዱት ግን የመርሐ ግብሩ ብዛት ስለ ፍቅራቸው ማደግ የሚናገረው ነገር እምብዛም አልተገኘም። ሩብ ያህሉ ምእመን መንፈሳዊ ሕይወቱ ባለበት እንደቆመ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ እንዳልረካ ገለጸ። ያልረኩት ደግሞ ቸልተኞቹ ናቸው እንዳይባል፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሚጸልዩ፣ ቃሉን የሚያነቡ፣ የሚሰጡና የሚያገለግሉ ነበሩ፤ ትተው ለመሄድ የሚያስቡም አልጠፉም።

ይህ ውጤት ከሌላ ቦታ ቢመጣ ኖሮ ያን ያህል ባላስደነገጠ። ዊሎ ክሪክ ግን በዘመናችን ግዙፍ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምን መምሰል እንዳለባት ለብዙዎች ያስተማረች ናት። ቢል ሃይብልስና ወጣት ጓደኞቹ በጥቅምት 1975 በፓላታይን ከተማ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ጀመሩ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ስሟን ያገኘችውም ከዚያው ሲኒማ ቤት ነው። አስቀድመው በየሰፈሩ በር እያንኳኩ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱትን ሰዎች ለምን እንደማይሄዱ ጠየቁ። ሁልጊዜ ገንዘብ ይጠይቁናል፣ ስብከቱ ያሰለቻል፣ ከኑሯችን ጋር አይገናኝም የሚሉ መልሶች መጡ። መርሐ ግብሩን የቀረጹት እነዚህን መልሶች ይዘው ነው። አጭር ድራማ፣ የጊዜውን ሙዚቃ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚናገር ጥርት ያለ ትምህርት አቀረቡ፤ እንግዳው እንዳይሸማቀቅ በአዳራሹ ውስጥ መስቀል እንኳ አልሰቀሉም። ሐሳቡ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። ሮበርት ሹለር ገና በ1955 በካሊፎርኒያ፣ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ፊልም በሚያዩበት ሜዳ ላይ መስበክ ጀምሮ ነበር። በሕንድ ሚስዮናዊ የነበረው ዶናልድ ማክጋቭራንም በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያንን ቁጥራዊ ዕድገት ራሱን የቻለ የጥናት መስክ አድርጎት ነበር። ዊሎ ክሪክ ይህን ሁሉ ወደሚሠራ፣ ሌላው ሊቀዳው ወደሚችል አሠራር ለወጠችው። በ1991 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ አድርጎ አጠናት፤ በ1992 አሠራሯን ለሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚያካፍል ማኅበር አቋቋመች።

ይህን አሠራር የሚነቅፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ። ከሰሚው ችግር ተነሥቶ ማስተማር ራሱ ነውር የለበትም። ዕዳ ላስጨነቀው ሰው ስለ ዕዳ፣ ትዳሩ ለተናጋ ሰው ስለ ትዳር ማንሣት እረኛ ሊያደርገው የሚገባ ነው፤ ጌታም ለገበሬ ስለ ዘር፣ ለዓሣ አጥማጅ ስለ መረብ ተናግሯል። የዊሎ ክሪክ መሪዎችም ቁም ነገሩን ሁሉ ትተው ማዝናናት ብቻ የፈለጉ ሰዎች አልነበሩም። ዕቅዳቸው ሁለት ደረጃ ነበረው፦ ቅዳሜና እሑድ ለፈላጊው፣ በሳምንቱ መካከል ደግሞ ላመነው የሚሆን ጠለቅ ያለ ትምህርትና አምልኮ። ዕቅዱ የተሰነጠቀው በሁለቱ መካከል ነው። የሳምንቱ መጨረሻ ሕዝብ ከሳምንቱ መካከለኛ ሕዝብ እጅግ ይበዛ ነበርና፣ ለእንግዳ የተዘጋጀው ትምህርት ለአብዛኛው ነባር ምእመን ብቸኛው ትምህርት ሆኖ ቀረ። በየሳምንቱ ሰሚው ዛሬ የመጣ ነው ተብሎ የሚዘጋጅ ስብከት ነገም ከመጀመሪያው ይጀምራል። አሥር ዓመት ሳያቋርጥ የተመላለሰ ሰው አምስት መቶ ሃያ ጊዜ ይሰማል፤ የሰማው ግን ያንኑ የመጀመሪያ ትምህርት በልዩ ልዩ ርእስ ነው። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ አስተማሪዎች ሊሆኑ ሲገባቸው ዛሬም ወተት የሚፈልጉ ሲል የወቀሳቸው ሰዎች ይህን ያህል ዘመን ወተት ብቻ እየቀረበላቸው አልነበረም።

ሃይብልስ ውጤቱን በ2007 የመሪዎች ጉባኤ ላይ ራሱ ይፋ አደረገ። ሰዎች ካመኑ በኋላ በእሑዶች መካከል መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው እንዲያነቡ፣ ለዕድገታቸው ራሳቸው ኃላፊነት እንዲወስዱ ማስተማር ይገባን ነበር የሚል ሐሳብ ተናገረ። ጥናቱ ከአንድ ሺህ በላይ ወደሆኑ አብያተ ክርስቲያናት ከሰፋ በኋላ በ2011 የወጣው ሌላው መጽሐፍም በዚሁ መሥመር ላይ ነው፦ ጀማሪ ይሁን የበሰለ፣ ከዕድገት ጋር ከሁሉ ይልቅ ተያይዞ የተገኘው ሰው ቃሉን እያነበበ በሕይወቱ ላይ ማሰላሰሉ ነው። በዚህ ላይ የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዎች ያነሡት ተቃውሞ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ጥናቱ የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ወቅት ጠይቆ አወዳደረ እንጂ ያንኑ ሰው ከዓመት ዓመት አልተከታተለም፤ ስለዚህ ማሰላሰሉ አሳደገው ወይስ ያደገ ሰው ያሰላስላል የሚለውን ሊወስን አይችልም። ተቃውሞው ትክክል ነው። ሆኖም ለዚህ ምዕራፍ ክርክር የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። ጥልቀትን ምን እንደሚያመጣው ጥናቱ ባያሳይ እንኳ፣ መድረኩን ማሳመርና መርሐ ግብር መደራረብ ብቻውን እንደማያመጣው ከቤቱ ሰዎች አፍ ሰምተናል።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። የመንፈሳዊ ጥልቀት ጉዳይ የሚወሰነው ስብከቱ ቀላል ወይም ከባድ፣ ጉባኤው ትንሽ ወይም ግዙፍ በመሆኑ አይደለም፤ ከአንዱ እሑድ እስከ ሌላው ባሉት ስድስት ቀናት ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚያውቀው፣ የሰማውን ምን እንዳደረገበት የሚጠይቀው፣ ቃሉን አብሮት የሚከፍት ሰው በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ ነው። የዘመኑ ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን ድክመት ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ማስተማሯ ላይ አይደለም። ቀድሞ ብዙ እጆች ይሸከሙት የነበረውን ሁሉ በአንድ ስብከት ላይ መጫኗ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ችግሩ የስብከቱ ቅለት ነው፤ ሰባኪው ትምህርተ ሃይማኖትን በሚገባ ቢያስተምር ኖሮ ምእመኑ ይጠልቅ ነበር የሚለው ነው። በሲያትል የነበረችው የማርስ ሂል ቤተ ክርስቲያን ይህን ለመፈተን ትጠቅማለች። መሪዋ ማርክ ድሪስኮል ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሰብክ፣ ስለ ኃጢአት፣ ስለ መስቀልና ስለ ሥላሴ ሳይሸራርፍ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ ለፈላጊዎች የተቀረጸውን አሠራርም ይነቅፍ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ይህን ጠንካራ ትምህርት ሽተው መጡ። በ2014 የቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ባደረገው ምርመራ ድሪስኮል በትዕቢት፣ በቁጡነትና ሌሎችን በመጫን ጥፋተኛ ሆኖ መገኘቱ ተገለጸ፤ እርሱም በጥቅምት ወር ለቀቀ፤ በወራት ውስጥ በበርካታ ከተሞች የነበሯት ጉባኤዎች ሁሉ አንድ ድርጅት መሆናቸው ቀረ። ትምህርቱ ከባድ ነበር፤ ቤቱ ግን በአንድ ሰው ድምፅ ላይ የቆመ ነበር። ሃይብልስ ራሱ በ2018 ሴቶች ባቀረቡበት የትንኮሳ ክስ መካከል ከኃላፊነቱ ወርዷል፤ እርሱ ክሱን አልተቀበለም፤ በዚያው ዓመት ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ጉዳዩን በአግባቡ እንዳልያዙት ተናግረው በሙሉ ለቀቁ። በትምህርታቸው እጅግ የሚለያዩት ሁለቱ ሰዎች የሚመሳሰሉበት ነገር ቢኖር፣ በሳምንቱ ውስጥ ሕይወታቸውን ደፍሮ የሚጠይቅ ሰው ያልነበራቸው መሆኑ ነው። ስድስቱ ቀናት ለሰሚው ብቻ አይደሉም፤ ለሰባኪውም ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል፤ ግዙፍነት ራሱ በሽታ ነው፣ ሁለት ሺህ ሰው በተሰበሰበበት ጥልቀት አይኖርም ይላል። በሳምንት ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ሰው የሚሰበሰብባቸውን የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ለዓመታት ያጠኑት የሃርትፎርድ የሃይማኖት ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ይህን ፍርድ ቀላል አላደረጉትም። የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያው ሮድኒ ስታርክ ከቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ጥናት ተነሥቶ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ፣ የትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ከትንንሾቹ ይልቅ አዘውትረው እንደሚመጡና በጉባኤያቸው ውስጥ ብዙ ወዳጆች እንዳሏቸው ጽፏል። እንዲህ ዓይነቱ ጥናት የሚጠይቀው ዛሬ በውስጥ ያለውን ሰው ነው፤ ትናንት ከኋላ በር የወጣው አይቆጠርም። ቢሆንም ትንሽነት ጥልቀት ነው የሚለውን አባባል ለማፍረስ ይበቃል። አርባ ሰው ያላት፣ እርስ በርስ ለዓመታት ሳይጠያየቁ የሚቀመጡባት ጉባኤም አለች።

ይልቁንም የጥንቱ ምሳሌ ሰባኪው ቻርልስ ስፐርጀን ነው። በ1854 ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ለንደን ሲመጣ ጉባኤው ጥቂት መቶ አባላት ነበሩት፤ በ1861 የተከፈተው፣ ታበርናክል የተባለው አዳራሽ አምስት ሺህ ሰው ያስቀምጥ ነበር። ንግግሩ የሕዝብ ነበር፤ የተማሩት ሰዎች ጋዜጣ ላይ ተራ ነው እያሉ ያብጠለጥሉት ነበር። በዘመናችን መለኪያ ቤተ ክርስቲያኑ ግዙፍ፣ ስብከቱም ተወዳጅ ነው። ነገር ግን አባል ለመሆን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከሽማግሌ ጋር ይነጋገር ነበር፤ ከዚያ ስፐርጀን ራሱ ያነጋግረዋል፤ ከዚያ ጠያቂ ተልኮ ስለ ኑሮው ያጣራል፤ በመጨረሻ ለጉባኤው ይቀርባል። ሰባኪዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም በ1856 ከፍቶ ነበር። አምስት ሺህ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰማው፣ እያንዳንዱ አባል ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠይቆ፣ ስለ ነፍሱ በገዛ አፉ ተናግሮ የገባ ነበር።

ከስፐርጀን መቶ ዓመት ቀድሞ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በ1742 በብሪስቶል የጆን ዌስሊ ተከታዮች የጸሎት ቤታቸው ዕዳ ነበረባቸው። አንድ የመርከብ ካፒቴን የነበረ ሰው፣ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ይስጥ፣ አንድ ሰው ደግሞ አሥራ አንድ ያህል ሰዎችን ይዞ በየሳምንቱ እየዞረ ይሰብስብ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ያዩት ነገር ዌስሊን አስደነቀው፤ አንዱ ይሰክራል፣ አንዱ ከሚስቱ ጋር ይጣላል። ዕዳ ለመክፈል የተጀመረው ነገር በሳምንት አንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ያህል ሰው ተገናኝቶ ነፍስህ እንዴት ሰነበተች እየተባባለ የሚጠያየቅበት የሜቶዲስቶች ዋና ሥርዓት ሆነ። በየሦስት ወሩ ቲኬት ይታደስ ነበር፤ በሕይወቱ ያልጸና አይታደስለትም። ዌስሊ በሜዳ ላይ ለሺዎች የሚሰብክ ሰው ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ከማዕበል በኋላ እንደሚቀር አረፋ እንዳይሆን የያዘው ግን የእርሱ አንደበት አልነበረም፤ ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ የልብስ ሰፊዎች፣ የጫማ ሠሪዎችና የቤት እመቤቶች መሪነት ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። የዛሬዎቹ ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናትም የቤት ለቤት ኅብረት አላቸው፤ ታዲያ ምን ጎደለ? በሴኡል የዮይዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ከማንም ቀድማ በሰፊው ሠርታበታለች። መሥራቿ ዮንጊ ቾ በ1964 ከድካም ብዛት ታሞ ሲወድቅ ሥራውን ለቤት ውስጥ ኅብረቶች አከፋፈለ፤ መሪዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ሆኑ፤ ቤተ ክርስቲያኗ በመቶ ሺዎች ወደሚቆጠር አባልነት አደገች። ግን ኅብረት መኖሩ ብቻ ዋስትና አልሆነም። ትምህርቱ ለነፍስ መዳን፣ ለጤናና ለኑሮ መሳካት እኩል ቦታ የሚሰጥ ነበር፤ ቾ ራሱም በ2014 ከቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ ጋር በተያያዘ ጥፋት በፍርድ ቤት ተቀጥቷል። ሃይብልስ ያስጠናው ጥናትም ቢሆን በኅብረት መሳተፍ ብቻውን እንደሚበቃ አላሳየም። በብዙ ቦታ ኅብረቱ የእሑዱን ስብከት ጥያቄ መልሶ የሚያነብ፣ ቡና የሚጠጣና ለሚቀጥለው ሳምንት የሚቀጠር ስብሰባ ነው። የዌስሊው ስብሰባ የሚለየው ስለ ስብከቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው ስለሚጠይቅ፣ የጠየቀውንም በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚያስታውስ ነው።

በዚህ ረገድ ከማንም በላይ ልንመሰክር የምንችለው እኛ ኢትዮጵያውያን ነን። በእኛ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባላቷ አምስት ሺህ ገደማ ነበሩ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። አዳራሽ አልነበረም፤ ማይክሮፎን አልነበረም፤ ከፍ ብሎ መዘመር እንኳ አይቻልም ነበር። ምእመናን በጥቂት በጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ተገናኙ፤ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ይታወቅ ነበር፤ የቀረውን መጠየቅ የሕይወት ጉዳይ ነበር። አዲስ አማኝን የሚያስተምረው በአቅራቢያው ያለ ወንድም ወይም እኅት ነበር እንጂ መድረክ ላይ የሚታይ ሰው አልነበረም። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አባላቷ ከሠላሳ አራት ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ሌሎችም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር አይተዋል።

ስደቱ ራሱ ነው ሰዎቹን ያጠለቃቸው፤ ግማሽ ልብ የነበረው ሁሉ አስቀድሞ ሸሽቷል የሚል ሰው ይኖራል። በከፊል እውነት ነው፤ አደጋ ልብን ይለያል። ግን ስደት ብቻውን ሰውን አያስተምርም፤ በዓለም ላይ በስደት ጊዜ ጠፍተው የቀሩ አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። በሰባት እጥፍ የሚጠጋው ዕድገት ደግሞ ከነባሮቹ መጣራት ሊመጣ አይችልም፤ አዲሶቹ በዚያ አስቸጋሪ ጊዜ የገቡ ናቸውና ያስተማራቸው ሰው ነበረ። ስደቱ ያደረገው ሌላውን ሁሉ ነጥቆ ይህን አንድ ነገር ማስቀረቱ ነው። ነጻነት ሲመጣ የተነጠቀው ሁሉ ተመለሰ፤ አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ኮንፈረንስ፣ ኋላም የሳተላይት ቴሌቪዥን። በብዙ ቦታ የቤት ኅብረቱ ያኔ ከአከርካሪነት ወደ ተጨማሪ መርሐ ግብርነት ወረደ። የተአምርና የብልጽግና አስተማሪዎች ባለፉት ዓመታት በከተሞቻችን ያን ያህል ሕዝብ የማረኩት የሕዝቡ ጥማት ስለጨመረ ብቻ አይመስለኝም፤ የሰማውን ትምህርት ከቃሉ ጋር አብሮት የሚያመሳክር ጎረቤት ስላጣም ነው።

ይህ እየታወቀ መድረኩ ሁሉን የሚወስደው ለምንድን ነው? ከክፋት ይልቅ ከአቆጣጠር የመጣ ነው። የወንበር ቁጥር፣ የመባ መጠንና የተመልካች ብዛት ሰኞ ጠዋት ይታወቃሉ፤ አንድ ሰው ከባለቤቱ ጋር በትዕግሥት መነጋገር መጀመሩ በየትኛውም ሪፖርት አይገባም። ትልቅ አዳራሽ የሠራች ቤተ ክርስቲያን ዕዳዋን የምትከፍለው በተሰብሳቢው ነውና፣ ሰሚውን የሚያስቀይም ወይም የሚያዘገይ ነገር ሁሉ ዋጋ ያስከፍላታል። ዊሎ ክሪክ ከጥናቱ በኋላ በ2008 የሳምንቱን መካከለኛ ጉባኤ በየደረጃው ወደተከፋፈሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቶች መለወጧ የሚያስመሰግን ነው፤ ያ ግን አሁንም የትምህርት ክፍል ነው፤ የሚጠይቅ ሰው አይደለም።

ሁለት ሺህ ሰው ያላት ቤተ ክርስቲያን እያንዳንዱን ምእመን በአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ብትከፍል መቶ ሰባ ያህል መሪዎች ያስፈልጓታል። ብዙ ፓስተሮች ይህን ሲሰሙ ከየት ይመጣሉ ይላሉ። በአብዛኛው በቤቱ ያሉ፣ ትምህርቱ አላጠግብ ያላቸውና በዝምታ የሚቀመጡ የበሰሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ስብከት ሳይሆን አደራ ነው። አደራውን ለመስጠት ግን እነርሱን ማስተማር፣ መከታተል፣ ሲሳሳቱም ማረም ያስፈልጋል። ዌስሊ መሪዎቹን በየሳምንቱ ይሰበስባቸው ነበር። ለዚህ የሚሆነው ሰዓት ከፓስተሩ ሳምንት ውስጥ መገኘት አለበት፤ ዛሬ ያ ሰዓት ያለው በመድረክ ዝግጅት፣ በቀረጻና በጉዞ ላይ ነው። ሽማግሌዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው በመጀመሪያ ሊወያዩበት የሚገባውም የፓስተራቸው ሳምንት በምን እንደሚያልቅ ነው።